ፀሐይ የጠገበው ድንች

ድንቹን ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት እኔ ነኝ። ይህን አጭር ነገር ከአፌ ለማውጣት አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ፈጅቶብኛል። በዚያ መካከል አንድ ሰው ሞቷል።

ያኔ ማን እንደ ነበርኩ ልንገራችሁ። አባቴ ቄስ ታምሩ አንኮበር ውስጥ የአንድ ደብር አገልጋይ ነው። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ፊደል አስቆጠረኝ፣ ንባብ አስወጣኝ፣ ዳዊት ከጨረስኩ በኋላ ግን «ለሴት ልጅ ይህ ይበቃል» ብሎ አቆመኝ። ትምህርቴ ይኸው ነው። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም ነበር። እንግዳ ሲመጣ የእጅ ውሃ አቀርብና ጓዳ እገባለሁ። ስጠራ «አቤት» የምለው በልቤ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አስካለ እሳት ቢይዛት እንኳ ጎረቤት እንዳይረበሽ ብላ ዝም ትላለች» ትል ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ መምህር ክንፉ ከቤተ መንግሥቱ በታች ባለው ተዳፋት ላይ የተክል ትምህርት ከፈቱ። መምህር ክንፉ የመንዝ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከነጋዴ ጋር ወርደው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ማዶ ባለ ትልቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት እርሻን ተምረዋል። እዚያ ሰው ስለ አፈርና ስለ ዘር፣ እንደ ቅኔ፣ ዓመታት ቆጥሮ ይማራል አሉን። «እዚያ ሊቅ የሚባለው ጥፍሩ ውስጥ አፈር ያለበት ነው» ሲሉን ወንዶቹ ተማሪዎች ይስቃሉ። ስምንት ነበርን፤ ሰባቱ ወንዶች። እኔን የተቀበሉኝ ማንበብ ስለምችል ነው።

መሬቱን በትንንሽ መደብ ከፍለን አንዱን በፍግ፣ አንዱን በአመድ፣ አንዱን እንዲሁ ያለ ምንም እንተክለዋለን። በየመደቡ ራስ ላይ ፊደል ያለበት ችካል አለ። መጻፍ ያስተማሩኝ ለዚሁ ነው፤ «ሀ» ስንት እንቅብ እንደ ሰጠ፣ «ለ» ስንት እንደ ሰጠ በብራና ቁራጭ ላይ እጽፋለሁ። ሌሎቹ ተማሪዎች መምህርን ቀኑን ሙሉ ሲጠይቁ ይውላሉ። እኔ የተባለውን እጽፋለሁ እንጂ አልጠይቅም።

መምህር ከሁሉ የሚሳሱለት ድንቹን ነበር። ያ ዓመት በሬው ሁሉ ያለቀበት ዓመት ነው። በሽታው ከመጣ በኋላ ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን ሜዳው አጥንት የተዘራበት ማሳ መሰለ። ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ተቀመጠ። ድንች ግን በሬ አይፈልግም፤ ዶማ ያለው ሰው ይበቃዋል። መምህር ይህንን የቤተ መንግሥቱን እርሻ ለሚያዙት ለአዛዥ በዳኔ ነገሯቸው። አዛዥ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው።

«የየአገሩ ሽማግሌ ይቅመሰው» አሉ። «ከወደዱት ዘሩን ለገበሬ አድላለሁ። ካልወደዱት ግን መሬቱን መልስ፣ አንተም ወደ መንዝህ ሂድ።»

አምስት ሽማግሌዎች ተመረጡ። ስድስተኛው፣ ነገሩ ለጾም የሚሆን መሆን አለመሆኑን እንዲያይ፣ አባቴ ነበር።

መምህር ሽማግሌዎቹን ለማሰባሰብ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጡ ለቅምሻ የተለየውን ትልልቁን ድንች ለእኔ አስረከቡኝ። «አስካለ፣ ጨለማው ቤት ይቀመጥ። ብርሃን እንዳያየው» አሉኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ለምን እንደ ሆነ አላወቅኩም። አልጠየቅኩምም።

ጨለማው ቤት መስኮት የሌላት የሣር ጎጆ ናት። በሦስተኛው ቀን ገብቼ ሳይ ጣሪያዋ አፍስሷል፣ ጉም እንደ ባለቤት በበር ይገባል፣ ከላይ ካሉት ድንቾች ሁለቱ ሻግተዋል። ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ እርጥብ ነገር ጎተራ የሚያስገባ ሰው የለም። ገብስም ሆነ ባቄላ ፀሐይ ሳይጠግብ አይከተትም። የሴት ልጅ ሙያዋ የሚታየው በስጧ ነው፤ ስጥ አስጥታ ዶሮ ያስበላች፣ ዝናብ ያስመታች ሴት ስሟ እስከ ጎረቤት ደብር ይሰማል። መምህር ባይኖሩም ኃላፊነቱ የእኔ ነው ብዬ፣ ከታች ጭድ ውስጥ የተቀበረውን ትንንሹን ድንች ትቼ፣ ትልልቁን በእንቅብ ተሸክሜ ቤታችን ወሰድኩት። ግቢው ውስጥ ሰሌን አንጥፌ አሰጣሁት።

አሥራ አንድ ቀን ጠበቅኩት። ጠዋት አወጣለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ ማታ አስገባለሁ። በስድስተኛው ቀን አረንጓዴ እየሆነ መጣ። ነፍስ የዘራ መስሎኝ ደስ አለኝ። በዘጠነኛው ቀን ዓይኖቹ ላይ ትንንሽ ቡቃያ ወጣ። ያኔማ የባሰ ደስ አለኝ። ባቄላ ዘፍዝፈን፣ አብቅለን፣ በቆልት አድርገን የምንበላ ሰዎች ነን። የበቀለ ነገር ይጣፍጣል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል ብዬ ላስብ?

የቅምሻው ቀን ማክሰኞ ነበር። መምህር ሽማግሌዎቹን አስቀድመው ልከው እሳቸው በቅሏቸው አንክሳ ወደ ኋላ ቀርተዋል። የአትክልቱ ቦታ ወጥ ቤት እትዬ ወለቴ ናት፤ ሁለት ድስት ጣደች። ትልቁ ድስት ለእንግዶቹ፣ እኔ ያሰጣሁት። ትንሹ ለእኛ ለተማሪዎቹና ለሠራተኞቹ፣ ከጨለማው ቤት የወጣው ትንንሹ። ሳንልጥ፣ ቡቃያውንም ሳንነካ፣ እንደ ንፍሮ ቀቀልነው። እትዬ ወለቴ ከትልቁ ድስት ጫፉን ቆርሳ ቀመሰችና ተፋችው።

«አንቺ፣ ይኼ ነገር መረር አለኝ።»

«ፀሐይ ስለጠገበ ነው፤ ጠንክሮ» አልኳት።

«እንግዲህ የሽማግሌ ምላስ ደንዝዟል። ኑግ ወቅጠሽ ጨምሪበት፣ በርበሬም አትሰስቺ።»

በርበሬ አልሰሰትኩም።

ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። አዛዥ በዳኔ በርጩማ ላይ ሆነው ያያሉ፤ አይበሉም። ከለሚ የመጡት አያ ደስታ አንዱን ድንች አንስተው አገላበጡት።

«ከመሬት በታች ተደብቆ የሚኖር ወይ ሌባ ነው ወይ መናኝ» አሉ።

«አንተ ለሁለቱም አትሆንም፤ ብላና ዝም በል» አሏቸው ከጫጫ የመጡት አባ ግዛው።

ሰዉ ሳቀ። አባቴ እንኳ ፈገግ አለ። አባ ግዛው ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ልብሳቸው ተሰፍቶ ያለቀ አይመስልም፤ ሁሉም ቦታ እራፊ ተጥፎበታል። ቀስ ብለው በሉና አቀርቅሬ የቆምኩትን እኔን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይኼ እውነት በሬ አይፈልግም?»

አንገቴን ነቀነቅኩ።

«አራት በሬ ነበረኝ» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። «አራቱንም በአንድ ሳምንት ቀበርኩ። እንግዲህ በዶማ ከሆነ ልጆቼም ይቆፍራሉ። ጨምሪልኝ እስቲ።»

ከድስቱ ትልቁን፣ ቡቃያው የበዛውን መርጬ ሰጠኋቸው። የመረጥኩት ስለወደድኳቸው ነው።

ያን ጊዜ መምህር ደረሱ። የመንገድ አቧራቸውን እንኳ አላራገፉም። ሽማግሌዎቹ ድስቱን ሲጠርጉ አዩና ዓይናቸው እንባ ሞላ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ደህና አድርገሽ አስቀመጥሽው?» አሉኝ። ጎጆዋ አፍስሳ ነበር፣ ስለዚህ ቤት ወስጄ እንዲህ አደረግኩት ማለት ነበረብኝ። ሰው በዛብኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አባቴ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ አለ። በርበሬው ነው ብዬ ውሃ ሰጠሁት፤ ወዲያው አስመለሰው። ከዚያ ማቆም አቃተው። ራሱን ይዞ ወለሉ ላይ ተኛ። እንግዶቹ ካረፉበት ቤት ሰው ሲሮጥ ሰማሁና ወጥቼ አየሁ። አያ ደስታ አጥር ጥግ ተንበርክከዋል፤ ሌላው ሆዱን ይዞ ይንከባለላል፤ አባ ግዛው ደግሞ የሌለ በሬ በስሙ እየጠሩ «ና፣ ና ወዲህ» ይላሉ። ስድስቱም። አንድም ያልታመመ የለም።

አዛዥ በዳኔ መጥተው አዩና ለወታደሮቻቸው አንድ ቃል ተናገሩ። መምህር ክንፉ እጃቸው በብረት ታሰረ። ሲወስዷቸው አልተከራከሩም። የድስቱን ትራፊ ለማየት ብቻ አንገታቸውን አዞሩ፤ ድስቱ ግን ተጠርጎ ተበልቷል።

አባ ግዛው ሊነጋጋ ሲል ሞቱ።

ረቡዕ ጠዋት አዋጁ ተነገረ። ሰውየው ባሕር ማዶ የተማረው መርዝ ነው። የሟች ወገኖች፣ የደሙ ባለቤቶች፣ ከጫጫ እስኪመጡ በብረት ይቆያል፤ እነሱ ደም በደም ካሉ ይሞታል። የተከለው ሁሉ ሐሙስ ተነቅሎ ይቃጠላል።

እኔ አባቴ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ከንፈሩ ደርቋል፤ ግን ይተነፍሳል። እትዬ ወለቴ ወተት ያለው ሰው ስታፈላልግ አድራ ባዶ ዕቃ ይዛ ገባች።

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አለች። «አንድ ጓሮ፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ጨው። እኛ ከትንሹ ድስት የበላነው ምን ሆንን? እኔ እንኳ ሁለቴ ነው የጨመርኩት። ሰውየው መርዝ ካደረገ እኛን ምን ብሎ ተወን? ደግሞ ሲቀቀል እሱ መች ነበረ?»

በሁለቱ ድስቶች መካከል የነበረው ልዩነት ሰሌኑ ነበር። አሥራ አንድ ቀን። አረንጓዴው። መራራው። እትዬ ወለቴ የተፋችው። እጄን አየሁት፤ በዚያ እጅ ነው ለአባ ግዛው የጨመርኩላቸው።

መምህር የታሰሩበት ቤት ከጀርባው የጭቃው ምርጊት ረግፎ ቀዳዳ አለው። በዚያ በኩል ተንበርክኬ ጠራኋቸው። መጀመሪያ አልሰሙኝም፤ ድምፄ አልወጣም። ሁለተኛ ጠራኋቸው።

«አስካለ? አባትሽ እንዴት ነው?»

«አለ። መምህር... ጎጆዋ አፈሰሰች። እኔ ድንቹን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።»

«ስንት ቀን?»

«አሥራ አንድ።»

«አረንጓዴ ሆነ?»

«አዎ። በቅሎም ነበር። ከነቡቃያው ቀቀልነው።»

በጭቃው ግድግዳ በኩል ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከዚያ ልክ መደቡ መካከል ቆመን እንደሚያስተምሩኝ በረጋ ድምፅ ተናገሩ። «ድንች ሥር አይደለም፤ መሬት ውስጥ የተደበቀ ግንድ ነው። ብርሃን ሲያይ ቅጠል ልሁን ይላል። ቅጠሉ ደግሞ እንዳይበላ መርዝ ያበጃል፤ ቡቃያው ከሁሉ ይብሳል። ጨለማ ያልኩሽ ለዚህ ነበር። ለምን እንደ ሆነ ሳልነግርሽ ሄድኩ።»

«ለአዛዥ እነግራለሁ።»

«አትናገሪ» አሉ። «ሰው ሞቷል። ይኼ ደም አንድ ሰው ላይ ማረፉ አይቀርም። እኔ ላይ አርፏል፤ እዚያው ይቆይ። አባትሽም ከሞተ የአባት ገዳይ ይሉሻል።»

«አትክልቱን ነገ ያቃጥሉታል።»

ሲያለቅሱ የሰማሁት ያኔ ነው።

ቤት ተመልሼ ነጠላዬን አስተካክዬ ስወጣ አባቴ ዓይኑን ገለጠ። «የት ነው?» አለኝ።

«አዛዥ ዘንድ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ልናገር።»

ከሕመሙ ይልቅ ይኼኛው ያስደነገጠው መሰለኝ።

አዛዥ በዳኔ ችሎት ላይ ነበሩ። ሰው በሁለት ረድፍ ቆሟል። በመካከል አልፌ እንዴት ፊታቸው እንደ ደረስኩ አላስታውስም። ተናገርኩ። አንድ ሰው «አይሰማም» አለ። እንደ ገና ተናገርኩ፤ «ድንቹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መምህር አያውቁም።»

አዛዥ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ፀሐይ እህልን መርዝ አደረገ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» ብለው ሰውን ጠየቁ። ማንም አልሰማም። አንዱ፣ ልጅቱ መምህሩን ወድዳ ነው አለ። ሰው ሳቀ። ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፈርኩ፤ ግን አልሄድኩም።

«አረንጓዴው ቤታችን ሰሌን ላይ የተረፈ አለ» አልኩ። «ነጩም ጨለማው ቤት ውስጥ አለ። ለውሻ ሰጥታችሁ እዩ።»

ሰጡት። ውሻው ሁለቱንም አሽትቶ ሄደ። እንደ ገና ሳቁ።

አዛዥ ግን አልሳቁም። «አንቺ ብዪው» አሉኝ። «ዛሬ ነጩን፣ ነገ አረንጓዴውን። ነጩ ሳያምሽ አረንጓዴው ካመመሽ እውነትሽን ነው። ሁለቱም ካመመሽ ሰውየው መርዘኛ ነው። ሁለቱም ካላመመሽ አንቺ ውሸታም ነሽ። ማቃጠሉ እስከዚያ ይቆይ።»

ይህ ፈተና ራሱ መምህር በየመደቡ ያስተማሩን ነበር፤ ሁለት መደብ ለይቶ የሚለየውን አንዱን ነገር ብቻ ማየት። ይህን ያሰብኩት ግን ቆይቶ ነው። ያኔ ያሰብኩት ትልቁን ድንች ስለመረጥኩላቸው ሽማግሌ ብቻ ነው።

ረቡዕ ሦስት ነጭ ድንች በላሁ። ምንም አልሆንኩም። ሐሙስ ጠዋት ሦስት አረንጓዴ አመጡልኝ፤ ያለ በርበሬ፣ ያለ ኑግ። ምሬቱ አፍ ያኮማትራል። መምህር ከነብረታቸው ቆመው «አንድ ይበቃታል፣ ጌታዬ፣ አንድ ይበቃል» ይላሉ። አዛዥ ሦስት አሉ። ሁለተኛውን ጨርሼ ሦስተኛውን አጋመስኩት።

አያ ደስታ ተሽሏቸው ነበርና ምስክር ይሁኑ ተብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል ምንም አልነበረም። ሰው መበተን ጀመረ። ከዚያ ጉሮሮዬን ነካ አደረግኩ።

«ይኸውላችሁ» አሉ አያ ደስታ። «አሁን ጉሮሮዋን ያቃጥላታል። ቀጥሎ ራሷን ትይዛለች።»

ራሴን ያዝኩ።

«ቀጥሎ ምራቋ ይሞላል። ዕቃ አቅርቡላት። አይ፣ ትልቅ ዕቃ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። አያ ደስታ አንድም አልሳቱም። ሌሊቱን ያደርኩት መሬቱ ከሥሬ እየሄደ ነው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መምህር ብረታቸው ተፈትቶ ራሴ አጠገብ ተቀምጠዋል። ያመሰግኑኛል ብዬ ጠበቅኩ። የብራና ቁራጭ አውጥተው «ሁለት ተኩል ነው የበላሽው? የጀመረሽ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አሉኝና ጻፉት።

አዛዥ በበሩ ቆመው ፍርዳቸውን ተናገሩ። «አትክልቱ አይቃጠልም። መምህሩም መርዘኛ አይደለም። ደሙ ግን የደም ባለቤቶቹ ነው፤ እኔ ልምረው አልችልም። ከእሱ ላይ አንስቼ አንቺ ላይ አኑሬዋለሁ።»

መምህር ተነሡ። «ለምን እንደ ሆነ ያልነገርኳት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እሷም አልጠየቀችም። እንግዲህ ከጫጫ ሲመጡ ይፍረዱ።»

ሰኞ መጡ። የአባ ግዛው ታናሽ ወንድም ጦር ይዟል። የአባ ግዛው ሚስት አልታየ ከኋላው ናት፤ ፊቷ በሐዘን ተቧጥጦ ቆስሏል። እንደ ወጉ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ፣ ፊታቸው መሬት ላይ ተደፋሁ። አባቴ ቆሞ መራመድ ሳይችል በሁለት ሰው ተደግፎ መስቀሉን ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቹ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ማርያም እያሉ ይለምናሉ። እኔ የማየው የሴትዮዋን እግር ብቻ ነው። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ነው የመጣችው።

«መጨረሻ የበላውን ማን ነው የሰጠው?» አለች።

«እኔ።»

«ቀና በዪ። ምን አለሽ?»

ቀና ስል ድንጋዩ ከበደኝ። «ጨምሪልኝ አሉ።»

«ወዶት ነበር?»

ይህን ይጠይቁኛል ብዬ አልጠበቅኩም። «ወደውት ነበር። በዶማ ከሆነ ልጆቼም ይቆፍራሉ አሉ።»

ወንድምየው ጦሩን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ደማችንን እንፈልጋለን» አለ።

«የእሷ ደም ለልጆቼ እራት ይሆናል?» አለችው፣ ወደ እሱ ሳትዞር። «አራት ልጅና ባዶ ማሳ ነው ትቶልኝ የሄደው። ጎተራዬ የካቲትን አያይም።» ከዚያ ለአዛዥ ተናገረች። «በነጻ አልምራትም። ከነዘሩ ትምጣ። ማሳዬን ትቆፍር፣ ትትከል፣ የሚገድለውንና የማይገድለውን ለልጆቼ ታሳይ። ከምንበላው ድስት ሁሉ እሷ ቀድማ ትብላ። ሌሊቱን አድራ ከተነሣች እኛ እንበላለን። ካልተነሣች ደሜን አገኘሁ።»

ድንጋዩን ከማጅራቴ ያነሣችው ራሷ ናት። እጇ ሸካራ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ዓይን አፋርነት ባለቤቱን ብቻ የሚጎዳ ነገር ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ሰው «ጨዋ ልጅ» ሲለኝ ደስ ይለኛል። አንዲት «ለምን» አፍሬ ስለዋጥኩ የአራት ልጆች አባት ሞቷል። መምህርም ቢሆኑ ትእዛዝ ሰጥተው ምክንያቱን ሳይነግሩ በቅሏቸው ላይ ወጥተዋል፤ ይህን ራሳቸው ዛሬም ለአዳዲስ ተማሪዎቻቸው ይናገሩታል። እኔ ግን ጥፋቴን ለእሳቸው አላካፍልም። በሙያዬ እመካ ነበር። ስጤን ዶሮ አልነካውም፣ ዝናብ አልመታውም። እንዲያ ተጠንቅቄ፣ እንዲያ ደክሜ ነው ሰው የገደልኩት። የሚያስደነግጠኝ ይኼ ነው፤ ቸልተኛ ብሆን ኖሮ፣ እዚያው ጎጆዋ ውስጥ ብተወው ኖሮ፣ ግማሹ ይሻግት ነበር እንጂ ማንም አይሞትም ነበር። እናንተም የተማራችሁትን አዲስ ነገር በለመዳችሁት ሙያ ለማሻሻል ስትነሡ፣ ቁሙና አንድ ጊዜ ጠይቁ። ብታፍሩም ጠይቁ። ፊታችሁ ይቀላል፣ ከዚያ ይመለሳል።

ጫጫ ወረድኩ። እስከ የካቲት ዘሩን በአልታየ ጓዳ፣ በጭድ ውስጥ፣ በጨለማ ጠበቅነው። ልጆቹ ሲከፍቱት እጮህባቸዋለሁ፤ እኔ መጮህ እንደምችል ያወቅኩት እዚያ ነው። ከዚያ ለምን እንደ ጮህኩ ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ። በየካቲት ቆፍረን ተከልን። ሰኔ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራሥር ሲለቅም፣ ከማሳው የመጀመሪያውን እንቅብ አወጣን።

ማታ ተቀቀለ። አልታየ ድስቱን አቀረበችልኝ። ልጆቹ ዙሪያውን ተቀምጠው፣ ምራቃቸውን እየዋጡ፣ ሦስት ድንች ስበላ አዩኝ። የቀረውን አልታየ ዕቃ ከድና መደብ ላይ አስቀመጠችው። ማንም አልነካም። ተራቡ፣ ተኙ። እኔም ተኛሁ።

ገና ሳይነጋ አንዲት ትንሽ ጣት ጉንጬን ነካችኝ። የመጨረሻዋ ልጅ ናት፤ አምስት ዓመቷ ነው። ትንፋሽ መኖሩን ለማየት ፊቷን ወደ ፊቴ አስጠግታለች።

«አልሞትሽም?» አለችኝ።

«አልሞትኩም።»

«እንግዲያ ልብላ?»